«ተቀበል» የማይባልበት መድረክ



ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ብር ምንዛሪ ማንበብ የለመደ ሰው ዛሬ ስለ እራት፣ ስለ ጭፈራና ስለ መጠጥ ስጽፍለት «ዶክተሩን ምን ነካው?» ሳይል አይቀርም። ነገሩ ግን ከፖለቲካ የራቀ አይደለም። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ የሚሻ ሰው ነጋሪት ጋዜጣንና የምክር ቤት ቃለ ጉባኤን ብቻ ቢያገላብጥ የሚያገኘው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ሰው ሥራውን ጨርሶ፣ ክራቫቱን አላልቶ፣ ከወዳጆቹ ጋር በሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ዛሬ የአዲስ አበባን ምሽት እንደ አንድ የፖለቲካ ሰነድ እናንብበው እላለሁ።

የመዲናችን ሰው እንግዳ ሲመጣበት የሚከተለው ሥርዓት የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ከባህል ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ይኬዳል፤ ዮድ አቢሲኒያ፣ 2000 ሐበሻ፣ ቶቶት እያለ ዝርዝሩ ይቀጥላል። እጅ ይታጠባል፣ መሶብ ይቀርባል፣ ልዩ ልዩ ወጥ በአንድ እንጀራ ላይ የተደረደረበት «ማኅበራዊ» የሚባለው ምግብ ይታዘዛል፣ ጠጅ በብርሌ ይቀዳል። ቀጥሎ መድረኩ ይከፈትና የብሔር ብሔረሰቦች ጭፈራ ይታያል። በመጨረሻም እንግዳው ካልደከመው ወደ ግሮሰሪ ጎራ ይባላል፤ ወይም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ አዝማሪ ቤት ይወረዳል። እንግዲህ ይህ አንድ ምሽት ሦስት ዓይነት መድረክ አለው ማለት ነው፤ ሦስቱም ስለ አገራችን የአነጋገር ነፃነት የየራሳቸውን ምስክርነት ይሰጣሉ።

ከጭፈራው መድረክ እንነሣ። ተወዛዋዦቹ ስምንት ወይም ዐሥር ወጣቶች ናቸው። በእስክስታ ይጀምራሉ፤ ትከሻቸው የራሱ ነፍስ ያለው ይመስላል። ወደ ጓዳ ገብተው ልብስ ይለውጡና በከበሮ ታጅበው እየዞሩ በትግርኛ ጨዋታ ይመለሳሉ። እንደገና ገብተው በኦሮሞ ረገዳ አንገታቸውን እያወዛወዙ ይወጣሉ። ከዚያ እግር መሬት የሚነካ የማይመስልበት የጉራጌ ጭፈራ ይከተላል፤ ከዚያም ወገብን የሚፈትነው የወላይታ ጭፈራ ይመጣል። እነዚያው ወጣቶች በሁለት ሰዓት ውስጥ አገሪቱን ያዳርሷታል። የሚያሳዩት ችሎታ የሚያስደንቅ ነው፤ የአንዱን አካባቢ እንቅስቃሴ አጥርቶ ማወቅ እንኳ ዓመታት የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ እነርሱ ስድስትና ሰባቱን በአንድ ምሽት ይወጡታል። ይህ ጽሑፍ በእነርሱ ላይ የቀረበ ክስ አለመሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

በዚህ መድረክ ዙሪያ ሁለት የታወቁ ሙግቶች አሉ። አንደኛው ወገን «ይኸውላችሁ፣ አንድ አካል ሁሉንም ባህል መሸከም ይችላል፤ በመድረክ የተቻለው በፖለቲካ እንዴት ያቅታል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ «ባህላችን ከባለቤቱ ተነጥቆ፣ ልብሱ ተሳስቶ፣ እንቅስቃሴው ተጋኖ ለቱሪስት እየተቸበቸበ ነው» ሲል ይከስሳል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ነገር ግን ሁለቱም የሚሟገቱት ስለ አካልና ስለ ልብስ ነው፤ ማን ጨፈረው፣ ምን ለብሶስ ጨፈረው የሚለውን ነው የሚያነሡት። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ከዚህ ይለያል። ለመሆኑ በመድረኩ ላይ ምን ተባለ?

በቅርቡ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊፈትን ከውጭ አገር የመጣ አንድ የቋንቋ ምሁር ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን ወደ አንድ እንዲህ ያለ ቤት ጋብዘነው ነበር። ሰውየው ጭፈራውን በአድናቆት ያይና አንዱ ዘፈን ባለቀ ቁጥር «ምን እያሉ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከመካከላችን አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ነበሩ፤ ቋንቋው ከእኛ ሲያልፍ ግን አስተናጋጁን እንጠይቃለን። አስተናጋጁ ትሪውን እንደያዘ «ስለ ፍቅር ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛም ተጠየቀ፤ «ስለ ፍቅር ነው» አለ። ሦስተኛ ሲጠየቅ ፈገግ አለና «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ሁሉም ስለ ፍቅር ነው» ሲል መለሰ።

ጠረጴዛው በሳቅ ሞላ። ሆኖም ያ ወጣት በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገረው ነገር የአንድ ሴሚናር ርእስ የሚወጣው ነው። እውነት ሁሉም ስለ ፍቅር ነውን? የኦሮሞው ጌረርሳ የጀግናን ገድል ይተርካል፤ የተበደለም ሰው በደሉን ያሰማበታል። ሽለላና ቀረርቶ የሚያሞግሰውን ያህል ይወቅሳል። ሙሾ ሟችን ያለቅሳል፤ በዚያውም የገዳይን ስም ያነሣል። የገበሬው እንጉርጉሮ ስለ መሬት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ዳኛና ስለ ዘመቻ ብዙ ይናገራል። በየቀዬው ቃሉ ጌታ ነው፣ ውዝዋዜው አጃቢ። በእራት መድረካችን ላይ ግን አጃቢው ጌታ ሆኖ ጌታው ከበር ቀርቷል። ዘፈኑ በየቋንቋው ይዘፈናል፤ ቃሉን የሚሰማ፣ የሚጠይቅ፣ የሚመልስ ግን የለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሰሜኑ በጦርነት ሲነድድ፣ ከዚያም ወዲህ በሌሎች አካባቢዎች ደም ሲፈስስ፣ የዚህን ሁሉ ሐዘን ሙሾ በየትኛውም የእራት መድረክ ላይ አልሰማሁም። መድረኩ ፈገግታ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይህ እንዴት መጣ? ታሪኩ ከምግብ ቤቶቹ ይቀድማል። የዘመናዊ መድረካችን ጅማሬ ከሆኑት አንዱ፣ በ1927 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ በደጅ በነበረበት ወቅት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ሙዚቃን ከንግግር ጋር አቀናጅቶ ሕዝብን ለመቀስቀስ የቆመ ነበር። ያ መድረክ ከቃል ጋር ተወልዷል። በ1950ዎቹ አጋማሽ በትውልደ ግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ በሐሊም ኤል ዳብ የተመሠረተውና በኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የልዩ ልዩ አካባቢዎችን መሣሪያዎችና ተጫዋቾች በአንድ መድረክ አሰባሰበ። ደርግ ሲመጣ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ቃሉ አልጠፋም፣ ነገር ግን ከላይ የሚታዘዝ ቃል ሆነ። በ1977ቱ ድርቅ ለረዱን አገሮች ምስጋና እንዲያደርስ በ1980 ዓ.ም. ወደ ውጭ የተጓዘው «ሕዝብ ለሕዝብ» ደግሞ የአገሪቱን ባህሎች በአንድ ምሽት ትርኢት አጠቃልሎ አሳየ። ተመልካቹ ቋንቋችንን የማያውቅ ባዕድ ነበርና ዐይን ከጆሮ መቅደሙ ያኔ ምክንያት ነበረው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ግን ያ ለባዕድ የተሰናዳ አቀራረብ ለራሳችንም የራሳችን መልክ ሆኖ መቅረቱ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በመግቢያው «የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ተናጋሪ እንዲሆኑ አድርጎ ይጀምራል፤ ሰነዱን የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ያንኑ ቀን ለማሰብ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በሚከበረው በዓል ላይ ግን እነዚሁ «ተናጋሪዎች» በአብዛኛው የምናያቸው ሲጨፍሩ ነው። ንግግሩ የባለሥልጣናት፣ ጭፈራው የሕዝቡ ሆኖ ሥራው ተከፋፍሏል። የባህል ምግብ ቤቶቹ ይህን አልፈጠሩትም፤ የወረሱትን ከጠጅና ከክትፎ ጋር አቀረቡልን እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ግሮሰሪው እንሻገር። ስሙ በባዕድ አገር የሸቀጥ መደብር ማለት ሲሆን በእኛ ከተማ የድራፍትና የወግ ቤት ሆኗል። እዚያ ጭፈራ የለም፤ ወሬ ግን ሞልቷል። የኑሮ ውድነቱ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው የብር ምንዛሪ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚያስኬደው መንገድ መታገት፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ ሁሉም ይነሣል። ነገር ግን ጨዋታው ጠጠር ሲል ተናጋሪው አንገቱን ወደ ኋላ ዘወር አድርጎ ከጀርባው ማን እንደተቀመጠ ያያል። ድምፁም ዝቅ ይላል። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ከአፋችን ያልጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በተደጋጋሚ የታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆችም ይህን ልማድ አጠንክረውታል። እንግዲህ በጭፈራው መድረክ ድምፅ አለ፣ ቃል የለም፤ በግሮሰሪው ቃል አለ፣ ድምፅ የለም።

ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ ነበር፤ እርሱም አዝማሪ ቤት ነው። ላላየው ወጣት አንባቢ ላስረዳ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሠላሳ ሰው ከገባበት ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። የመግቢያ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ቤቱ የሚኖረው ከመጠጡ፣ አዝማሪው ከሽልማቱ ነው። አዝማሪው ባለ አንድ ጭራ ማሲንቆውን ይዞ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይሄዳል። የአንዱን ካፖርት፣ የሌላውን መላጣ፣ የሦስተኛውን ቁጠባ በግጥም ያነሣል፤ በሰምና በወርቅ እየሸፈነ ከመላጣ ወደ ሚኒስትር ይሻገራል። ዋናው ነገር ግን የሚመጣው እንግዳው «ተቀበል!» ሲል ነው። ይህን ቃል የጮኸ ማንኛውም ሰው፣ ሹፌርም ይሁን ዳኛ፣ የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይደግመዋል፤ ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። ከማዶ የተቀመጠው ሰው ካልተስማማ እርሱም «ተቀበል!» ይልና ይመልሳል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ያሰፈረውን ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት እኒህ ቤቶች አንቀጹ ከመጻፉ በፊት ያውቁት ነበር።

ኃይለኛ የሆነ መንግሥት የዚህን ቃል ጉልበት ሁልጊዜ ያውቃል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ በየገበያው እየዞሩ ወሬ የሚያሠራጩትን አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እያስያዘ እንዲገደሉ ማድረጉ በታሪክ ተመዝግቧል። መትረየስ የታጠቀ ሠራዊት ባለ ማሲንቆን ፈራ! ደርግ ደግሞ ሌሊቱን ራሱን ያዘ። ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው በእነዚያ ዓመታት ለመዝናናት የወጣ ሰው ሰዓቱ ከደረሰበት በሩ ተቆልፎበት እስኪነጋ እዚያው ይቆይ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ይተርካሉ። ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ለባለቤቱ ሲመለስ ነው በካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶቹ ጎን ለጎን የደመቁት። ከመካከላቸው ፈንዲቃ፣ በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ መሪነት፣ ማሲንቆውን ከዓለም ሙዚቀኞች ጋር እስከማገናኘት ደርሷል።

ይህ ሰፈር ዛሬ የለም። በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ፈረሱ፤ ካዛንቺስ ደግሞ ከ2017 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ፈረሰ፤ ፈንዲቃም የቆየበትን ቤት በዚያው ወቅት አጣ። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል ላለመሆን እሞክራለሁ። በእነዚያ ሰፈሮች አንድ መጸዳጃ ለብዙ አባወራ ይዳረስ እንደነበር፣ ጣሪያው ያፈስስ እንደነበር የሚያውቅ ሰው የአሮጌውን ከተማ ድህነት እንደ ቅርስ አያወድስም። ሰፊው የእግረኛ መንገድና መብራቱም ጠቅሟል። ነገር ግን አንድ የኢኮኖሚ ሐቅ አለ። አዝማሪ ቤት የሚኖረው በርካሽ ኪራይ ነው። ሠላሳ ሰው የሚቀመጥበት፣ መግቢያ የማያስከፍል፣ አንድ ቢራ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቆይ ደንበኛ ያለው ንግድ በመስታወት ሕንፃ ምድር ቤት ኪራይ ሊከፍል አይችልም። ሊከፍል የሚችለው ሁለት መቶ እንግዳ የሚያስተናግደው፣ የውጭ ምንዛሪ ያለው ሰው የሚመጣበት የእራት መድረክ ነው። ስለዚህ ማንም «ቃሉን ዝጋ» ብሎ ትእዛዝ ሳይሰጥ ቃሉ ይዘጋል፤ ጭፈራው ግን ይቀጥላል። ሳንሱር ሁልጊዜ መቀስ ይዞ አይመጣም፤ አንዳንዴ የኪራይ ውል ይዞ ይመጣል።

ሦስት መቃወሚያዎች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «አዝማሪ ለሽልማት ሲል ያሞግሳል፤ ከባለ ብር ጋር ነው የሚውለው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ያሞግሳል። ነገር ግን ያንኑ የተሞገሰ ሰው ቀጥሎ የተቀመጠው ድሀ በአንድ ስንኝ ሊያወርደው ይችላል። ሙገሳው መልስ ያለው ሙገሳ ነው። በቴሌቪዥናችን የምንሰማው ሙገሳ ይህ ዕድል የለውም።

ሁለተኛው ክብደት ያለው ነው፤ «በዚህ የጥላቻ ዘመን ቃል ሰው ይገድላል፤ ዝም ያለው ጭፈራ ይሻላል» ይላል። ቃል ሰው መግደሉን አልክድም፤ የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣውም ስለዚህ ነው። ሆኖም የትኛው ቃል ነው የገደለው? ፊቱን ሳያሳይ፣ በስልክ መስታወት ጀርባ ተሸሽጎ፣ በማያየው ሕዝብ ላይ የተወረወረው ቃል ነው። በአዝማሪ ቤት የተሰደበው ሰው ከሰዳቢው በክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል፤ በተመሳሳይ ዜማ ይመልሳል፤ ያልተገራ ቃል የወረወረውን ቤቱ ራሱ በጩኸት ያስቆመዋል። በዚያ ላይ ግጥሙ እንዲገጥም የግድ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ለቤት መምቻ ቃል የሚፈልግ ሰው ለዚያች ቅጽበት ከቁጣው ይርቃል። በእኔ እምነት ለጥላቻ ንግግር መድኃኒቱ ፊት ለፊት የሚነገርና መልስ የሚያገኝ ንግግር ነው።

ሦስተኛውን መቃወሚያ ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። አዝማሪ ቤት በአብዛኛው የአማርኛ ቤት ነው። የጌረርሳ ባለቤት፣ የሲዳማ፣ የከምባታ ወይም የሶማሌ ገጣሚ በዚህች መዲና የራሱን «ተቀበል» የሚልበት ቤት ማን ሰጠው? ስለ አዝማሪ ቤት ብቻ አልቅሰን ይህን ካላነሣን ክርክራችን ጎዶሎ ነው። ለሁሉም አካል መድረክ ሰጥተናል፤ ለሁሉም አፍ ግን አልሰጠንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መንግሥትን ብቻ መውቀስ የሰነፍ ብዕር ነውና ለየድርሻው ልናገር።

የባህል ምግብ ቤቶቹ ከሁለት ሰዓቱ ትርኢት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ለቃል ይስጡ። መድረክ መሪው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ግጥሙ ምን እንደሚል፣ የት አካባቢና በምን ጊዜ እንደሚዘፈን በሁለት ዐረፍተ ነገር ይንገረን። የጌረርሳ ባለሙያ ብቻውን፣ ያለ ጭፈራ፣ ይቁምና ይናገር፤ ትርጉሙም ይከተል። ገበያው ይቀንሳል ብለው አይስጉ፤ የሚጠይቅ እንግዳ ሞልቷል።

የከተማው አስተዳደር በአዲሶቹ ሰፈሮች ለንግድ ከሚሠሩት ቤቶች ጥቂቶቹን በዝቅተኛ ኪራይ ለአዝማሪዎችና ለየቋንቋው የቃል ባለሙያዎች ይመድብ። ለእግረኛ መንገድ የተገኘው ቦታ ለዚህ አይጠፋም።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ድርሻ አለን። በሥነ ጽሑፍና በፎክሎር ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻችን በየገጠሩ እየዞሩ የሰበሰቡት ግጥም ለመመረቂያ ከዋለ በኋላ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ከመደርደሪያ ወደ መድረክ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ስብስቡን ለባለሙያዎቹ መልሶ መስጠት የእኛ ሥራ ነው።

ደንበኛው ደግሞ ይጠይቅ። ለእራቱ የሚከፍለው ገንዘብ በመምህር ደመወዝ ሲሰላ የሚያስደነግጥ ነው፤ ይህን ያህል የከፈለ ሰው ከትከሻና ከወገብ በተጨማሪ ቃሉም ይገባዋል። የተወዛዋዡን ግንባር በብር ከመሸለሙ በፊት የተዘፈነው ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው በበዛ ቁጥር ቤቶቹ መልስ ማዘጋጀታቸው አይቀርም።

አንድ አገር ሕዝቦቿን በሙሉ በአንድ ምሽት አስጨፍራ ስታበቃ አንዱም የሌላውን ቃል ሳይሰማ ወደየቤቱ ከገባ፣ ተያየ እንጂ አልተዋወቀም። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ተያይተናል። የቀረን መደማመጥ ነው፤ ለዚያም ከውይይት ኮሚሽንና ከአዳራሽ ስብሰባ ጎን ለጎን ማታ ማታ ክፍት የሆኑ፣ ኪራያቸው የማይከብድ፣ «ተቀበል!» የሚባልባቸው ጠባብ ቤቶች ያስፈልጉናል።